ልዩ ምልክት የለውም

ራሔል ቆቦ ውስጥ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለ ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው። ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ፎቶ ኮፒ ታደርጋለች፣ የሠርግና የምርቃት ባነር ታዘጋጃለች። ስልክ ላይ የሚጫነው የኤአይ ፎቶ ማስተካከያ ከመጣ ወዲህ ሥራዋ ቀሏል። ድሮ በኮምፒውተር ግማሽ ቀን የሚፈጅባትን ነገር አሁን በጣቷ ከበብ አድርጋ ትነካዋለች። ጠባሳው፣ ብጉሩ፣ ከሙሽሮቹ ኋላ የቆመው ባጃጅ ሳይቀር ይጠፋል። የጠፋበት ቦታም አያስታውቅም። ቆዳ ከሆነ ቆዳ፣ ግድግዳ ከሆነ ግድግዳ ሆኖ ይሞላል።

መጀመሪያ ያጠፋችው ንቅሳት የእናቷን ነው።

እናቷ ትርንጎ አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አላት፤ በትናንሽ መስቀሎች የተያያዘ። ሁለቱ ዙር ሙሉ ናቸው። ሦስተኛው ግን ግራ ጆሮዋ ሥር ሲደርስ ድንገት ይቆማል። ልጅ ሳለች፣ ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለው የአባቷ መንደር፣ አክስቶቿ እጅና እግሯን ይዘው ሲያስነቅሷት መርፌው ቢብስባት አንዷን ነክሳ አመለጠችና ማሽላ ውስጥ ገባች። ፈልገው ሲያገኟት ነቃሿ ሄዳለች። እንደዚያው ቀረ።

ያኔ ጌጥ ነበር። ቆቦ ገብታ ትዳር ከያዘች በኋላ ግን አፈረችበት። የከተማ ሴቶች በጎን ሲያዩዋት የሚስቁባት ይመስላታል። እናም በዚያ በቆላው ሙቀት እንኳ ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ ትጠቀለላለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ላሳደገቻቸው ሁለት ልጆቿም አንድ ነገር አጥብቃ ትነግራቸው ነበር። “ገላችሁ ላይ ምንም እንዳታስነቅሱ። ቄሱም አይወዱ፣ እኔም አልወድ። የኔው ይበቃል።”

አንድ የፋሲካ ሰሞን ራሔል እናቷን ፎቶ ቤት ወስዳ አነሳቻት። ለአንዴ ነጠላውን አስወልቃ ነው፤ ትርንጎ እያጉረመረመች ነው የተቀመጠችው።

“እንግዲህ ይሄን ለማን ልታሳዪው ነው?”

“ቆይ እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ” አለች ራሔል። በስክሪኑ ላይ የእናቷን አንገት በጣቷ ዞር ዞር አደረገችና ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን አዙራ ሰጠቻት።

ትርንጎ ስልኩን አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት አንገት እንደ ሕፃን አንገት ንጹሕ ነው።

“ይቺ እኔ ነኝ?”

“አንቺ ነሻ።”

“ወይ ጉድ! የት ገባ?” ሳቀች። እየሳቀችም ዓይኗ እንባ አቀረረ። “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ለእውነተኛውም አይሠራም?”

ራሔል ፎቶውን ለወንድሟ ለሚኪያስ ላከችለት። ሚኪያስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። ጦርነቱ ትምህርቱን አቋረጠበት፤ ሰላም ሲሆንም ልቡ አልተመለሰም። አዲስ አበባ ወርዶ አንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። እሷ ይስቃል ብላ ነው የጠበቀችው። እሱ ግን በድምፅ መለሰ።

“ራሔል፣ ይቺ ሴትዮ ማናት? የእናቴን አንገት የት አደረስሽው?”

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ሚኪያስ ሕፃን ሳለ እንቅልፍ የሚወስደው እናቱ ደረት ላይ ተኝቶ በጣቱ ያንን መስመር ሲከተል ነው። ጣቱ መስመሩ የሚቆምበት ሲደርስ ግራ ይገባውና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ራሔል በታላቅነቷ ስታየው ትስቅበት ነበር። ትርንጎ አንገቷን ከሰው ሁሉ ስትደብቅ ከሱ አልደበቀችም።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በቴሌግራም ፎቶ ላከ። ሸሚዙን ከፍቶ፣ ቀና ብሎ፣ እየሳቀ ነው። አንገቱ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አለ፤ ከነመስቀሎቹ። የእናቱ አንገት ከሚታይበት አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ላይ እያየ አንድ ጓደኛው ነው የነቀሰው። ሦስተኛው ዙር ግራ ጆሮው ሥር ሲደርስ ይቆማል።

ራሔል ወዲያው ደወለች።

“አብደሃል እንዴ? እማዬ ብታይህ ራሷን ትጥላለች!”

“አታይማ። እኔ ራሴ መጥቼ ነው የማሳያት። በስልክ ካየችው ትቆጣለች፤ አጠገቧ ቆሜ ካየችው ግን ሌላ ነው። ያፈረችበትን ነገር ልጇ ወዶ ለብሶት ታያለች። ያኔ ነጠላውን ትጥለዋለች።”

“ወንድ ልጅ እንደ ሴት አንገቱን…”

“እስከዚያ ድረስ አንቺ አጽጂልኝ” አላት። “የምልከውን ፎቶ ሁሉ መጀመሪያ አንቺ እይው። ትችያለሽ አይደል?”

ትችላለች። አጸዳችለት። ሚኪያስ በቪዲዮ ሲደውል አንገቱ ላይ ሻሽ ጣል ያደርጋል፤ ፎቶ ሲልክ ራሔል ታጠፋለች። አንደኛውን፣ በጣም ያማረበትን፣ አጽድታ በትልቁ አሳተመችና ለእናቷ ሰጠቻት። ትርንጎ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አጠገብ ሰቀለችው። ጎረቤቷ ማሚቴ በመጣች ቁጥር “እዪልኝ የልጄን አንገት፣ የሸንኮራ አገዳ አይመስልም?” ትላታለች።

ሚኪያስ ግን ለማሳየት አልመጣም። ፀጉር ቤቱ ተዘጋና ሥራ ፈታ። አንድ ቀን ከሎግያ ደወለ። ከጓደኞቹ ጋር ነው፤ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ መንገድ ጀምሯል። ትርንጎ ስልኩን ይዛ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ በአባቱ አጥንት ገዘተችው። “እማዬ፣ ሁለት ዓመት ብቻ። ከዚያ መጥቼ የማሳይሽ ነገር አለ” አላት። ሌላ ቀን ደግሞ ከአንድ ስሙን ከማያውቀው ቦታ፣ በሰው ስልክ፣ “ነገ ወደ ባሕሩ እንወርዳለን” አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ክረምቱ አለፈ፣ ማሽላው ታጨደ። ከሚኪያስ ምንም የለም። ራሔል ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ “አፋልጉን” ብላ ለመለጠፍ ተቀመጠች። ስሙን ጻፈች፣ ዕድሜውን፣ ቁመቱን ጻፈች። “ልዩ ምልክት” የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ትርንጎ አጠገቧ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል እያስነበበች ነው።

“ልዩ ምልክት ነው የሚለው፤ ምን ልበል?”

“የለውም በይ። እንከን የሌለው ልጅ ነው በይ” አለች ትርንጎ።

ራሔል “የለውም” ብላ ጻፈች። ፎቶውም ያው ግድግዳው ላይ ያለው ሆነ። ማታ ብቻዋን ስትሆን እውነተኛውን ፎቶ ልትተካው አስባ ነበር። ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል፤ ያየው ሁሉ ለእናቷ ይነግራታል። እሱ ደግሞ ራሴ መጥቼ ነው የማሳያት ብሏል። ፊቱ ይበቃል፣ ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው አለችና ተወችው።

ከዚያ በኋላ ትርንጎ ቤት አልተቀመጠችም። ከመንገድ የተመለሰ ልጅ አለ ሲባል የታተመውን ፎቶ ይዛ ትሄዳለች፤ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ አንዳንዴም አላማጣ ድረስ። ያየው የለም። አንድ ቀን ባጃጅ የሚነዳ የሰፈር ልጅ፣ ዋጃ ላይ ዘይኑዲን የሚባል ልጅ ከበረሃ ተመልሷል፣ ከቆቦ ልጆች ጋር ነበር የሄደው ብሎ ነገራቸው። በማግስቱ እናትና ልጅ በሚኒባስ ዋጃ ወረዱ።

የዘይኑዲን ቤት ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። እናቱ ሀጀራ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ፎቶውን እጃቸው ላይ ስታይ የመጡበት ገባት፤ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር አወጣችላቸው። ዘይኑዲን ወጣ። ፊቱ ገና አላገገመም፤ ከንፈሩ ላይ የፀሐይ ቁስል ጠባሳ አለ።

“እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ይቀመጡ” አለ። ፎቶውን ተቀብሎ ቆመ። ደጋግሞ አየው። ትርንጎ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።

“ይሄን ፎቶ ስልክ ላይ አይቼዋለሁ” አለ በመጨረሻ። “አንዴ ሳይሆን ደጋግሜ። ሳየው ልቤ ይደነግጣል፤ ከዚያ አይደለም ብዬ አልፈዋለሁ።”

“ለምን ደነገጥህ?” አለች ትርንጎ።

“ከኛ ጋር አንድ ልጅ ነበር። ቆቦ ነበር የምንለው፤ መንገድ ላይ ሁሉም በአገሩ ነው የሚጠራው። እኔም ዋጃ ነበርኩ። ስልካችንን ደላሎቹ ሰብስበውት ነበር፤ የቤተሰብ ስልክም ስምም አልተለዋወጥንም። ከጅቡቲ ወዲህ፣ በረሃው ላይ፣ የጠጣነው ውኃ አመመው። ሁለት ቀን ተሸከምነው። ከዚያ…” ወደ እናቱ ዞር አለ፤ እናቱ መሬት መሬት ታያለች። “ይሄን ልጅ ይመስላል። ግን ስናውቀው ከስቶ፣ ፀሐይ አክስሎት ነው። ደግሞ ያ ልጅ አንገቱ ላይ ንቅሳት ነበረው።”

“ምን ነበረው?”

“ንቅሳት። እንደ እናቶቻችን ዓይነት፣ ዙሪያውን። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። የእናቴ ነው ይላል፤ ሌላ አይመልስም። ይሄኛው ልጅ ምንም የለበትም። ለዚህ ነው የማልፈው።”

ትርንጎ ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ ሳበች።

“የኔ ልጅ አይደለም” አለች። “የኔ ልጅ ንቅሳት የለውም። ወንድ ልጅ አንገቱን ይነቀሳል እንዴ? ተመስገን! ስምህ ይመስገን የኔ ጌታ!” ተነስታ የዘይኑዲንን ግንባር ሳመች። ሀጀራን ሳመች። “ለዚያ ለሞተው ልጅ እናት እግዜር ይድረስላት፤ የኔ ግን አይደለም።”

“አልሐምዱሊላህ” አለች ሀጀራ። “አብሽሪ እታለም፤ ይመጣልሻል።”

ዘይኑዲንም ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት ይመስል ፈገግ አለ።

ራሔል አልተንቀሳቀሰችም። የእናቴ ነው ይላል ያለው ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። እንደምንም ተነስታ እናቷን ተከትላ አስፋልቱ ድረስ ወጣች። ከዚያ “ጥላዬን ረሳሁት” አለችና ተመለሰች። ጥላዋን ሆን ብላ ነበር የተወችው።

ዘይኑዲን ጥላውን ይዞ ደጅ ቆሟል።

“ያ ንቅሳት” አለች ጥላውን ሳትቀበለው። “ስንት ዙር ነበር?”

“ሦስት።”

“ሦስተኛው ሙሉ ነበር?”

ዘይኑዲን ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አስተዋላት። ቀስ ብሎ ጣቱን አንስቶ ግራ ጆሮው ሥር አደረገው። “እዚህ ጋ ይቆማል” አለ። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። “ያ አላህ! ፎቶው ላይ ግን…”

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አለች ራሔል።

ዘይኑዲን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሳትጠይቀው ነገራት። የቀበሩት ሁለት የደረቁ ግራሮች ካሉበት ዳገት ሥር ነው። አካፋ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ጭረው ድንጋይ ከመሩበት። ክርስቲያን መሆኑን ከመስቀሎቹ አውቀዋል። “የናንተን ጸሎት አላውቅም” አለ። “ዝም ብሎ እንዳይሄድ ብዬ ፋቲሐ ቀራሁለት። ይቅር በሉኝ።”

ራሔል እጁን ጨብጣ ወጣች። ከመንገድ ማዶ እናቷ ቲማቲምና ሽንኩርት እየገዛች፣ ከነጋዴዋ ጋር እየተሳሳቀች ነው።

በሚኒባሱ ውስጥ ትርንጎ ስታወራ መጣች። አጠገቧ ለተቀመጠው ለማታውቀው ሰው ሳይቀር ነገረችው። “ልጄን ሞተ ሊሉኝ ነበር፤ አይደለም!” ሰውየው “እግዚአብሔር ይመስገን” አላት። ራሔል መስኮቱን ተደግፋ ሜዳው ላይ የተከመረውን የማሽላ አገዳ ታያለች። ልትነግራት ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። ሁለቱንም ጊዜ እናቷ ወደሷ ዞራ ሳቀችላት። መርዶ ደግሞ በመንገድ፣ በሰው መኪና ውስጥ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰው ባለበት ነው።

ቤት ሲደርሱ ትርንጎ ማሚቴን ጠርታ አወራቻት፤ ሽንኩርቱን ከትፋ ወጥ ሠራች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳትገፋ በላች። ከዚያ የሚኪያስን አንሶላና ብርድ ልብስ አውጥታ አጠበች። “አቧራ ለብሶ ቆየ እኮ” አለች አጥሩ ላይ እያሰጣች።

ራሔል ወደ ሥራ እሄዳለሁ ብላ ወጣች። የሄደችው ግን ወደ እናቷ ታላቅ ወንድም ወደ አያ እሸቴ ቤት ነው። አያ እሸቴ በረት እያጠሩ ነበር። ስልኳን አውጥታ በቴሌግራም የተላከላትን እውነተኛውን ፎቶ አሳየቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሽማግሌው መነጽር የላቸውም፤ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩ።

“ይሄ የእህቴ ንቅሳት ነው” አሉ። “ያመለጠችን ቀን ማሽላው ውስጥ ገብቼ የፈለግኋት እኔ ነኝ።” ስልኩን መለሱላትና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። “እየሳቀች ነው አልሽኝ?”

“አዎ፣ አንሶላውን እያጠበች ነው።”

“ዛሬ ይደር። ዛሬ ትብላ፣ ትተኛ። ነገ ማለዳ እንመጣለን።”

“ለንስሐ አባቷም እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ አልችልም።”

“እነግራቸዋለሁ። አንቺም ዝም ብለሽ እደሪ።”

ራሔል ዝም ብላ አደረች። እናቷ በእንቅልፍ ልቧ የምትተነፍሰውን ትንፋሽ ስትሰማ ነጋ።

ገና ሊነጋጋ ሲል አጥሩ በር ላይ ሰዎች ቆሙ። አያ እሸቴ፣ ቄሱ፣ ማሚቴ፣ ከሰፈሩ አራት አምስት ሰዎች። ጥቁር የለበሰም አለ። ትርንጎ በሩን ከፍታ ስታያቸው የመጡበት ገባት፤ በዚህ አገር በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ሌላ ጉዳይ የለውም። ግን ወደ ኋላ አላለችም። ደጃፏ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

“የዋጃውን ልጅ ወሬ ሰምታችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል” አለች። “እኔ ራሴ ሄጄ ነው የመጣሁት። ያ ሌላ ልጅ ነው፤ ንቅሳት ያለበት ነው።”

“ትርንጎ፣ እህቴ…” አሉ አያ እሸቴ።

“የኔ ልጅ ንቅሳት የለውም እላለሁ! ግድግዳው ላይ አለ፣ ገብታችሁ እዩት! ራሔል! ራሔል፣ ነይ ንገሪያቸው እስቲ። ወንድምሽ ንቅሳት አለው? ንገሪያቸው!”

ሰዉ ሁሉ ወደ ራሔል ዞረ። ራሔል ከእናቷ ኋላ፣ በባዶ እግሯ ቆማለች። እናቷ እጇን ይዛ ወደ ፊት ሳበቻት፤ ምስክር እንደምታቀርብ ነው የሳበቻት፣ እርግጠኛ ሆና።

ራሔል ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ፎቶውን ከፈተችና ለእናቷ ሰጠቻት።

ትርንጎ አየችው። ሸሚዙን ከፍቶ፣ ቀና ብሎ የሚስቀውን ልጇን አየች። አንገቱን አየች። ጣቷ ተነሳና ስክሪኑ ላይ መስመሩን ተከተለ፤ አንደኛው ዙር፣ ሁለተኛው ዙር። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ግራ ጆሮው ሥር ደርሶ ቆመ። ስክሪኑ በነካችው ቁጥር እየሰፋ እየጠበበ ያስቸግራታል፤ እሷ ግን ደጋግማ ወደዚያው ትመለሳለች።

“ይሄ እኮ የኔ ነው” አለች። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። “የኔን ነው የወሰደው።”

ማሚቴና አያ እሸቴ ያዟት። ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገፍፋ ጣለች፤ ያ ሁሉ ሰው፣ አብረዋት የኖሩት ጎረቤቶቿ ጭምር፣ አንገቷን ሙሉ በሙሉ ያዩት ያኔ ነው። ዋይታዋ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አቆመው። ቀኑን ሙሉ ለቀስተኛው ሲገባ አንድ ግጥም ብቻ ነበር የምትደጋግመው፤

የደበቅሁትን አንገት ልጄ ለብሶት ኖሮ፣
እኔ ሳላውቀው ቀረሁ አሸዋ አወቀው ቀብሮ።

በሦስተኛው ቀን ዘይኑዲንና ሀጀራ ከዋጃ ለቅሶ ደረሱ። ሰዉ ቦታ ለቀቀላቸው። ዘይኑዲን ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ትርንጎ ስለ ሞቱ ብዙ አልጠየቀችውም። “ሲቀበር ፊቱን ሸፈናችሁለት?” አለችው ብቻ።

“ሸፍነንለታል እማማ። የራሱን ሸሚዝ አልብሰን።”

“ልጄን የቀበሩ እጆች ናቸው” አለችና እጆቹን ይዛ ሳመቻቸው። ልጁ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከራሔል ጋር ግን አልተነጋገረችም። አትቆጣትም፣ አትሰድባትም፤ እንጀራ ስታቀርብላት ትቀበላታለች። ቃል ግን የለም። ራሔል ይቅርታ ልትጠይቅ ትነሳለች፤ የትኛውን ይቅርታ እንደምትጠይቅ አታውቅም። ያጠፋችውን? “የለውም” ብላ የጻፈችውን? ዘይኑዲን ያንን ማስታወቂያ ደጋግሞ እያየ ያለፈባቸውን ወራት? ፎቶ ቤት ሄዳ ትቀመጣለች፤ ማጥፊያውን ግን ከስልኳ አውጥታ ጥላዋለች። ሰው ሲጠይቃት ተበላሽቷል ትላለች። አለቃዋም አልተጫናት፤ ከእንግዲህ ፎቶ ኮፒው ላይ እንድትሆን አደረጋት። ሚኪያስ መስመሩን ሲከተል የሳቀችበትን ጊዜ እያሰበች፣ ወረቀት ታስገባለች፣ ወረቀት ታወጣለች።

አርባው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ማሚቴ ወሬ ይዛ መጣች። የዋጃው ልጅ እንደገና ሊሄድ ነው፤ በዚያው መንገድ። ትርንጎ ሰማችና ተነሳች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ደጅ ወጣች፤ ከዚያ ዞር አለች።

“ተነሽ፣ ዋጃ እንሂድ” አለቻት ራሔልን።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገድ ላይ የወረዱ ሁለት ሴቶች ቦታውን ሲለቁ ትርንጎ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ሜዳውን እያየች ተናገረች።

“ንቅሳቱን አይደለም።”

“ምኑን እማዬ?”

“ያዘንኩብሽ በንቅሳቱ አይደለም። እሱ የናንተ የእህትና የወንድም ነው። እኔ የሚያንገበግበኝ ያቺ ቀን ናት። እዚህ መኪና ውስጥ ተቀምጬ የሳቅኩት ሳቅ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ቲማቲም ስመርጥ፣ አንሶላውን ሳጥብ። ያቺን ቀን ባትሰጪኝ ኖሮ ምን ነበረበት?”

ራሔል አለቀሰች። “እንድትስቂ ፈልጌ አልነበረም እማዬ። አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።”

“አውቃለሁ” አለች ትርንጎ። ቆይታ ደግሞ፣ “ምናልባት ሌላ እንደዚያ ያለ ቀን አላገኝም። እሱንም አውቃለሁ” አለች። እጇን አንስታ የልጇ ጉልበት ላይ አደረገችው። እስኪወርዱ ድረስ አላነሳችውም።

ሀጀራ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ሲመጡ አየቻቸው፤ ግን አልተነሳችም።

“ልለምነው ነው የመጣሁት” አለች ትርንጎ። “እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን።”

“ሄደ” አለች ሀጀራ። “የንጋቱን ሱብሂ ሰግዶ ወጣ። ልብሱንም በወጉ አልያዘም። ለመንኩት፣ አባቱም ለመነው። ‘እዚህ ተቀምጬ ምን ልሁን?’ አለን።”

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ ከሀጀራ ወንበር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ሀጀራ ወንበሩን ለቅቃ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ራሔል ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ እሷም ተቀመጠች። በአስፋልቱ ላይ መኪኖች ወደ አላማጣ፣ ወደ ቆቦ ያልፋሉ። አንዱ ቀስ ባለ ቁጥር ሀጀራ ቀና ትላለች።